አሮጌ ፕራዶ ለጎጃም መንገድ፦ ቸርኬው መጨረሻ ይምጣ

አሮጌ ፕራዶ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያፈሰው ቸርኬ ላይ ነው። አይፈረድበትም፤ ቸርኬ ዓይን ይሞላል፣ መኪናዋ በአንድ ቀን ሌላ መኪና ትመስላለች። ችግሩ ያ ከባድ አዲስ ጎማ የሚንጠለጠለው ሃያ ምናምን ዓመት ባገለገለ ቦል ጆይንት (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ)፣ ባለቀ ኩሽኔታና በተሰነጣጠቀ ላስቲክ ላይ መሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ሳይታወቅ ወራት ሊያልፍ ይችላል። አባይ በረሃን ወርዶ ደጀን የሚወጣ፣ ክረምት ላይ በቢቸና በኩል ዋልካ የሚረግጥ፣ በጋ ላይ ስለታም ጠጠር የሚበላ መኪና ግን ብዙ አይታገስም።

የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 2002 ስለተሠራው ፕራዶ 90/95 ነው። አብዛኛው ነገር ለሌሎች አሮጌ ባለ ስድስት ቡሎን መኪኖችም ይሠራል፤ ልዩነት ያለበትን እየጠቀስኩ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ ከታች ግቡ

የዚህ መኪና የፊት እግር ሞላው የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ነው። ታችኛው ቦል ጆይንት ደግሞ የተገጠመው ክብደቱ ወደ ውስጥ እንዲጫነው ሳይሆን ከጎጆው ጎትቶ እንዲያወጣው በሚያስገድድ አቀማመጥ ነው። ስለዚህ ሲያልቅ ዝም ብሎ እያንኳኳ አይቆይም፤ አንድ ቀን ይነቀላል፣ ጎማው በፓራፋንጎው ስር ይተኛል፣ መኪናው ባፍጢሙ ይደፋል። ይህ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ወደ አባይ ድልድይ በሚወርደው ጥምዝ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

አፈታተሹ ቀላል ነው፤ ክሪኩ የሚገባበትን ቦታ ግን ብዙ ሰው ይስታል። ክሪኩን ሻንሲው ስር ካስገባችሁ ሞላው ቦል ጆይንቱን እንደወጠረ ስለሚይዘው ያለቀውም ደህና መስሎ ይታያል። ክሪኩ መግባት ያለበት ታችኛው ክንድ ስር፣ ወደ ጎማው ጠጋ ብሎ ነው። ጎማው መሬት ሲለቅ ረጅም የብረት ዘንግ ከስሩ አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱት። ሌላ ሰው ጣቱን ቦል ጆይንቱ ላይ አድርጎ ይያዝ። የሚሰማ ንቅናቄ ካለ፣ ወይም ላስቲኩ ተቀዶ ቅባቱ ከወጣና ጭቃ ከገባ፣ ሁለቱንም ጎን ቀይሩ። አንዱን ብቻ መቀየር ቁጠባ አይደለም። ርካሹንም አትግዙ፤ በዚህ መኪና ላይ ኦርጅናል ካልሆነ አይገባም የምለው አንድ ዕቃ ቢኖር ይኸው ነው። የሚያስሩት አራት ቡሎኖችም አዲስ ይሁኑ።

ጎማው እንደተነሳ ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተወዛወዘ ደግሞ ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ወይም የመሪው ሳጥን ላስቲክ ነው። ጎማውን በእጅ አሽከርክራችሁ ጆሮ ስጡት፤ ደረቅ ጉርምርምታ ካለ ኩሽኔታው ዕድሜው አልቋል። ትልቅ ጎማ ስትጭኑበት ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ይቀየራል።

ሙቀቱ

ትልቅ ጎማ ሞተሩን ያደክመዋል፤ ማርሹ የረዘመ ያህል ነው። ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣው ዋን ኬዜድ ደግሞ በአንድ ነገር ይታወቃል፦ ከሞቀ ቴስታው (የሞተሩ አናት) ይሰነጠቃል። አባይን ወርዶ ወደ ደጀን መውጣት ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ ያለ እረፍት መውጣት ነው፤ ከታች በረሃ፣ ከላይ ስስ አየር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ደግሞ በደህና ቀኑም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 የሚል የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍላቱን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ፣ ሞላው የላላ ክዳን ያን ግፊት አይዝም። ስለዚህ ቸርኬ ከማየታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው፤ ቴስታውን የሚያድነውም እሱ ነው። የቀዘቀዘ ካልሆነ አትክፈቱት፤ ይህን የምለው ቀላል ስለሚመስል ነው።

የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚሞላበት መኪና ውስጡ ይዝጋል፣ ራዲያተሩም ይደፈናል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ማራገቢያ በእጅ አዙሩት፤ ጥቂት መቃወም አለበት። እንደ መንኮራኩር ዝም ብሎ ከተሽከረከረ በውስጡ ያለው ሲሊኮን ዘይት አልቋል። ከዚያ በኋላ ትንሽ የሙቀት ጌጅ ለብቻ ግጠሙ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ሰፊ የሙቀት ልዩነትን መሃል ላይ ቆሞ ያሳልፋል፤ ሲነሳ ነገሩ አልቋል። ቁጥር የሚያሳይ ጌጅ ግን ዳገቱ ላይ በ5 ዲግሪ ሲወጣ ይነግራችኋል፤ ያኔ ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ ወይም ዳር ይዛችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ታቆማላችሁ።

ስድስት ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም

አሁን ወደ ቸርኬው። ፕራዶ፣ ሃይሉክስ፣ ፓጄሮ፣ ፓትሮል፣ ላንድክሩዘር 80 ሁሉም ስድስት ቀዳዳ አላቸው፤ ቀዳዳዎቹ የተሰለፉበት ክብ ዲያሜትርም በሁሉም 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ የተነሳ ሻጩ «ይገባል» ይላል። የመሃሉ ቀዳዳ ግን ይለያያል፦ የፕራዶ 106 ሚሊ ገደማ፣ የፓትሮልና የላንድክሩዘር 80 ደግሞ 110፣ የኋለኞቹ ፓጄሮዎች 67 ብቻ። የእነዚህ ፓጄሮዎች ቸርኬ ፕራዶ ላይ ጭራሽ አይገባም። የፓትሮሉ ይገባል፤ ግን በመሃል 4 ሚሊ ክፍተት ስለሚኖር የመሃል ቀለበት ካልተደረገበት በዳዶዎቹ ብቻ ተማምኖ ይቆማል፣ ትክክል መሃል ላይ ካልታሰረም መሪው ይንቀጠቀጣል። የድሮው ቪታራ ባለ አምስት ስለሆነ ከዚህ ወሬ ውጭ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ኦፍሴት ነው። ይህ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከቸርኬው የስፋት መሃል ምን ያህል እንደሚርቅ የሚናገር ቁጥር ነው። የፕራዶው ኦርጅናል 7 ኢንች ስፋት ያለው፣ ኦፍሴቱ +15 የሆነ ነው። ወደ ዜሮ ስትሄዱ ጎማው 15 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መልኩ ያምራል፣ ይህን ያህል ኩሽኔታውም ይችለዋል። −20 እና −25 ላይ ግን ጎማው ኩሽኔታውን እንደ ረጅም እጀታ ይጠመዝዘዋል፣ መሪው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ከእጅ ይነጥቃል፣ ጎማው ሲታጠፍም የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይልጣል። በስፔሰር (በመኪናውና በቸርኬው መሃል በሚገባ ወፍራም ብረት) ወደ ውጭ ማስወጣትም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ስፔሰሩ የራሱ ቡሎኖች ስላሉት የሚላላው ነገር እጥፍ ይሆናል። ለገጠር መንገድ ስፔሰር አልመክርም፤ የሚያዋጣ ምክንያትም አላገኘሁለትም።

ቸርኬ በስልክ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የምታስመጡ ከሆነ ፎቶ ብቻ አትቀበሉ። ከጀርባው የተቀረጸውን ቁጥር አስነሱ፣ የመሃሉን ቀዳዳ በካሊፐር አስለኩ። በአውቶብስ ከተላከ በኋላ መመለስ ከመግዛት ይብሳል።

ላስቲኩ እንጂ ብረቱ አይብዛ

ትልቅ ቸርኬ ማለት ትንሽ ላስቲክ ማለት ነው። የኦርጅናሉ 265/70 አር 16 ጎማ (ስፋቱ 265 ሚሊ፣ ግድግዳው የስፋቱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች) ቁመት 777 ሚሊ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የላስቲክ ግድግዳ 185 ሚሊ ገደማ ነው። በ17 ቸርኬ 265/65 ብታደርጉ አጠቃላይ ቁመቱ ያው ነው፣ ግድግዳው ግን ወደ 172 ይወርዳል። በ18 ቸርኬ 265/60 ቢሆን 159፣ በ20 ቸርኬ 265/50 ቢሆን 132 ይሆናል። ያ የጠፋው 5 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ሲገጥም ቸርኬውን ከድንጋይ የሚለየው ትራስ ነበር። ስለዚህ ለጎጃም 16 ይበቃል፤ ውበት ካስገደደ 17። ሃያውን ለአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ተዉለት።

ብረት ቸርኬ ወይስ አሎይ (የአሉሚኒየም ቅይጥ)? ብረት ይጣመማል፤ የተጣመመ ብረት ደግሞ ማንኛውም ጎሚስታ በመዶሻ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አሎይ ቀላልና መልከ መልካም ነው፣ ሲመታ ግን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውን በየመንደሩ በብየዳ የሚሞሉት አሉ፣ ያ ቸርኬ ለትርፍ ጎማ እንኳ አይሆንም። አዘውትሮ ከአስፋልት የሚወጣ መኪና ብረት ቸርኬ ቢያደርግ አያፍርም። ጥቁር ማት ቀለም የተቀባ ብረት ቸርኬ ከከፍተኛ ጎማ ጋር እንዲያውም ከብዙ አሎይ ያምራል፤ ይህ እንግዲህ የራሴ ምርጫ ነው።

መጠን ለመጨመር የፈለገ ሰው ሁለት ጥሩ አማራጭ አለው፦ 265/75 አር 16 እና 235/85 አር 16። የሁለቱም ቁመት ወደ 805 ሚሊ ነው፤ ከኦርጅናሉ 3 ተኩል በመቶ ገደማ ይበልጣል። ፍጥነት መለኪያው 80 ሲያሳይ በእውነት የምትሄዱት 83 ነው። መኪናውም ከመሬት 14 ሚሊ ይነሳል፤ የጎማው ቁመት የጨመረው 28 ሚሊ ቢሆንም ከዘንጉ በታች ያለው ግማሹ ብቻ ነውና። 285/75 የሚያስቡ ሰዎች ቁመቱ 7 በመቶ እንደሚጨምር፣ ፓራፋንጎ መቁረጥ እንደሚጠይቅና ዳገት ላይ አንድ ማርሽ እንደሚቀማቸው ይወቁት።

ከሁለቱ የትኛው? መልሱ በአፈሩ ነው። ከደጀን በሉማሜና በቢቸና በኩል ያለው መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ወደ ምዕራብ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ፣ መራዊ ያለው ደግሞ ቀይ አፈር ነው፤ ላዩ ያንሸራትታል፣ ስሩ ግን ጠንካራ ነው። ቀይ አፈር ላይ ጠባቡ 235/85 ላዩን ቆርጦ ጠንካራውን ይረግጣል። ለአብዛኛው የገጠር ሥራ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ በኦርጅናሉ 7 ኢንች ቸርኬ ላይም ያለ ምንም ጭንቀት ይቀመጣል። ዋልካ ላይ ግን ከስፋቱ ይልቅ ጥርሱ ነው የሚወስነው። ኦል ቴሬይን የሚባለው ጥርሱ የተቀራረበ ጎማ በዋልካ ሁለት ዙር ሲዞር ይሞላና እንደ በራ ጎማ ይሆናል። ጥርሱ የተራራቀው የጭቃ ጎማ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል። የጭቃ ጎማ ዋጋው ግን አስፋልት ላይ ይከፈላል፦ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ይረዝማል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ዋልካ የሚገባ ሰው ኦል ቴሬይን ገዝቶ ለአራቱም ጎማ ሰንሰለት ባይሆንም ለኋላዎቹ ሰንሰለት ቢይዝ ይሻለዋል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ፣ ግን ስምንት ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ አዲስ አይደለም፤ ላስቲኩ ደርቆ ጎኑ መሰንጠቅ ጀምሯል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን የጭነት ቁጥርም እዩ፦ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በታች ያለው ለዚህ መኪና አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ብዙዎቹ እነዚህ ፕራዶዎች ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዱ ናቸው። ሁለት አዲስ ትልቅ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ ካደረጋችሁ የፊትና የኋላው ዙር ስለማይገጥም መሃለኛው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) ያለ ዕረፍት ይሠራል፣ ይሞቃል፣ ያልቃል። አራቱም እኩል ይሁኑ፤ ትርፉም ጭምር። በዚያው ላይ የአራት ጎማውን ማርሽ ኤች ኤል ላይ አድርጎ መሃለኛውን መቆለፍ ጭቃ ከመግባት በፊት እንጂ ከተቀበሩ በኋላ አይደለም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ደግሞ ወዲያው ይፈታ።

አገጣጠም

ዳዶው ላይ ብዙ አደጋ አለ። የቶዮታ ኦርጅናል አሎይ ቸርኬ የሚታሰረው ጠፍጣፋ ራንዴላ ባለው ዳዶ ነው፤ ብረት ቸርኬና አብዛኛው ከውጭ የሚገዛ አሎይ ግን ሾጣጣ አፍ ባለው ዳዶ ነው። ሾጣጣ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ዳዶ ብታስሩ ሲነካው ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው፤ የጠበቀ ይመስላል፣ ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላል፣ ቀዳዳውን ሞላላ ያደርገዋል፣ ከዚያ ቡሎኑ ይቆረጣል። የጥርሱ ልክ 12 ሚሊ ውፍረት፣ 1.5 ሚሊ የጥርስ ርቀት ነው፤ በእጅ አምስት ስድስት ዙር በነፃ ካልገባ በቁልፍ አታስገድዱት። ትርፍ ጎማችሁ ብረት ሆኖ አራቱ አሎይ ከሆኑ ስድስት ሾጣጣ ዳዶ በከረጢት መኪናው ውስጥ ይኑር።

ቸርኬው ከመግባቱ በፊት የሃቡን (ቸርኬው የሚያርፍበትን ብረት) ፊት በብረት ብሩሽ ዝገቱን አራግፉ። በመሃል የቀረ የዝገት ቅርፊት ያህል ነገር ቸርኬውን ያዘነብለዋል፣ ቅርፊቱ ሲፈጭም ዳዶው ይላላል። ቡሎኑ ላይ ዘይት አትቀቡ፤ የተቀባ ቡሎን በዚያው ጉልበት ከሚገባው በላይ ይወጠራል። ዳዶዎቹን በዙሪያ ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በሁለት ዙር አጥብቁ። ልኩ 110 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ጎሚስታ በአየር ቁልፍ ጨርሶ ይሰጣችኋል፤ ያ ከልክ በላይ ነው፣ መንገድ ላይ በእጅ ቁልፍ የማይፈታውም በዚህ ነው። የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቶርክ ቁልፍ አንድ ጊዜ ይገዛል። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ድገሙት፦ ደብረ ማርቆስ የታሰረ ጎማ ደምበጫ ወይም ደጀን ላይ ይፈተሻል።

ከገጠማችሁ በኋላ ጎማው የሚነካ መሆኑን በቆመ መኪና ላይ አትመኑ። አንዱን የፊት ጎማ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አውጥታችሁ መሪውን እስከ ጥግ ግራም ቀኝም አዙሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ድገሙት። በዚህ መኪና 265/75 ሲነካ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው የባምፐሩን ጥግና የውስጡን ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በሙቅ አየር ወደ ኋላ ይገፋል። ብረት መቁረጥ ካስፈለገ የተቆረጠው ጠርዝ በዚያው ቀን ቀለም ይቀባ።

ከፍ ማድረግ

ከ40 እስከ 50 ሚሊ ድረስ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የፊት ሰሚያሴ (ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) ጆይንት ያለ ልኩ ይታጠፋል፣ ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይረጫል። ርካሹ ዘዴ ከፊት ሞላ አናት ላይ ስፔሰር ማድረግ ነው። ልብ በሉ፦ 25 ሚሊ ስፔሰር ጎማው ላይ ሲደርስ ወደ 50 ሚሊ ይጠጋል፤ ሾክ አብዞርበሩ የተገጠመው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በክንዱ መሃል ስለሆነ ነው። 50 ሚሊ ስፔሰር የገጠመ ሰው 50 ያገኘ ይመስለዋል፣ መኪናው ግን አፍንጫውን ሰማይ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። የተሻለው ሞላውንና ሾኩን ለዚያ ቁመት በተሠራ መቀየር ነው።

ከኋላ ሞላ ስትቀይሩ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ወደ ኋላ አክሰል የሚወርደው የፍሬን ጎማ ቱቦ አክሰሉ ተንጠልጥሎ እንዳይወጠር። ሁለተኛ፣ መኪናችሁ ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ካለው፣ ከፍ ስታደርጉት መኪናው ባዶ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለኋላ ፍሬን የሚሰጠውን ግፊት ይቀንሳል። ሙሉ ጭነት ይዞ አባይ ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፣ የፊት ፍሬን ብቻውን ይቃጠላል። የዘንጉን መያዣ በተነሳው ልክ ከፍ አድርጉት። የፍሬን ዘይቱም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። አዲስ ዶት 4 በ230 ዲግሪ ሲፈላ እርጥበት የጠጣው ወደ 155 ይወርዳል፤ ፔዳሉ ቁልቁለት መሃል ላይ እንደ ስፖንጅ የሚሆነው በዚህ ነው።

ከፍታ የተጨመረበት መኪና አላይመንት (የጎማዎቹን አቋቋም ማስተካከል) ግዴታው ነው። የሚስተካከለው በታችኛው ክንድ ባሉት ሞላላ ቡሎኖች ነው፣ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት። እነዚህ ቡሎኖች ከውስጥ ብረታቸው ጋር ዝገው መያያዝ ልማዳቸው ነው። ማሽኑ ያለበት ከተማ ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የዝገት መፍቻ ዘይት እየረጫችሁ እንደሚዞሩ አረጋግጡ። አለበለዚያ ሠራተኛው ቶውን (የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያለውን ዝንባሌ) ብቻ አስተካክሎ ይሸኛችኋል፣ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ እየተበላ በወራት ያልቃል።

ንፋስ

በበሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለኦርጅናሉ ጎማ ነው። ለተራው 265/70 ከ30 እስከ 32 ፒኤስአይ ደህና ነው፤ ግድግዳው ወፍራም የሆነው የጭነት መኪና ዓይነት ጎማ ግን በዚህ ንፋስ ይተኛል፣ ከ35 እስከ 40 ይፈልጋል። በረሃ ልወርድ ነው ብሎ ንፋስ የሚቀንስ ሰው አለ። አያስፈልግም። ሙቀቱ በየ5 እና 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል፤ ዝቅ ስትሉ ደግሞ የውጭው አየር ስለሚከብድ ጌጁ ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ይቀንሳል። ሁለቱ ይጣጣማሉ ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ንፋሱ ያነሰ ጎማ ግድግዳው እየታጠፈ ይሞቃል፣ በረሃ ላይ የሚፈነዳውም ያ ነው። ጭቃ ላይ ወደ 18 እና 20 ማውረድ ብዙ ይረዳል፣ ግን መሙያ ከሌላችሁ አታውርዱ፤ አስፋልት ላይ እንደዚያ መሄድ አይቻልም።

ጠርዙ ንፋስ ለሚያፈስ ቲዩብለስ ጎማ ከመነዳሪ ማስገባት የተለመደ ነው። መንገድ ላይ ያዋጣል፤ እንደ መድኃኒት ግን አይሁን። የጎማው ውስጥ ሻካራ ስለሆነ ከመነዳሪው ይፈገፈጋል፣ ይሞቃል፣ ሲተነፍስም በአንድ ጊዜ ነው። ትክክለኛው ጎማውን አውርዶ የቸርኬውን ጠርዝ ዝገት አጽድቶ መልሶ መግጠም ነው።

ሌላው ጌጥ

መብራት፦ ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ ፋና ውስጥ ኤልኢዲ አምፖል ሲገባ ብርሃኑ ይበተናል፣ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፣ እናንተም አርቃችሁ አታዩም። ይልቅ ኦርጅናሉን 60/55 ዋት አምፖል በሪሌ (ኃይሉን ቀጥታ ከባትሪው በሚያሳልፍ ማብሪያ) አሳልፉት፤ በአሮጌ ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቮልት ሲመለስ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። 120 ዋት የመብራት ባር በ12 ቮልት 10 አምፒር ይስባል፦ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 15 አምፒር ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ 30 አምፒር ሪሌ። ፊውዙ ከባትሪው ርቆ ከሆነ በመሃል ያለው ሽቦ ሲላጥ የሚጠብቀው የለም። ከአሮጌ ላንድክሩዘሮች መካከል ባለ 24 ቮልት አሉና ሁለት ባትሪ ስላያችሁ ብቻ አትወስኑ፣ በቮልት መለኪያ ለኩ። ባሩ በክረምት ጉም ውስጥ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆነው፤ ለጉም ዝቅ ብሎ የተገጠመ ቢጫ መብራት ይሻላል።

ስኖርክል (የሞተሩን አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ) ከውሃ ይልቅ ለአቧራ ይጠቅማል፤ በጋ ላይ ከፊት የሚሄድ አይሱዙ የሚያነሳው አቧራ ከጎማ ከፍታ ይልቅ ከጣሪያ ከፍታ ይሳሳል። መጋጠሚያዎቹ ካልታተሙ ግን ጌጥ ብቻ ነው። የሞተሩ ማጣሪያ ላይ የሚደርሰውን ቱቦ ሞተሩ እየሠራ አናቱን በእጃችሁ ከድናችሁ ፈትሹ፤ ሞተሩ መታፈን አለበት፣ ካልታፈነ በሌላ በኩል አየር እየሳበ ነው።

ከስኖርክሉ በላይ የሚጠቅመው ግን ማንም የማያየው የዲፈረንሻል መተንፈሻ ነው። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በጉርኒሲዮኑ (በማሸጊያው) በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ገብቷል ማለት ነው። መተንፈሻውን በ8 ሚሊ ቱቦ አያይዛችሁ ሞተር ክፍል ድረስ አውጡት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፖርቶመጋላ ላይ የራሱን ክብደት መቁጠር አትርሱ፤ የብረት የሆነው ገና ሳይጫን ከባድ ነው። የናፍጣ ጀሪካንና ትርፍ ጎማ ጣሪያ ላይ አድርጎ የጥምዝ መንገድ መሄድ መኪናውን እንደ ጋሪ ያወዛውዘዋል። ከባዱ ነገር ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ። ቀለም ከቀየራችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው ቀለም እንዲስተካከል አድርጉ፣ ለቦሎ ስትሄዱ እንዳትመለሱ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ መኪናውን አንስታችሁ ከስር በብዙ ውሃ እጠቡ። ዋልካ በሻንሲው ውስጥ ገብቶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ወራት ይቆያል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከኋላ ክንዶች መያዣና ከበሮቹ ስር ነው። በበሮቹ ግርጌ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ። ጥቁር የስር ቀለም የምታስቀቡ ከሆነ ዝገቱ ተፍቆ ሳይጨርስ እንዳይቀቡት ቆማችሁ እዩ፤ ከላይ የተቀባ ዝገት በሚቀጥለው ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሳል።